የመተማ ሙቀትና የራጅ ፊልም

በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ በተከፈተው በጎንደሩ ትምህርት ቤታችን ያለፍን ሁሉ መተማን በሁለት ነገር እናውቃታለን፤ በዐፄ ዮሐንስና በወባ። እኔ ሦስተኛ ልጨምር፦ የራጅ ፊልም።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ በጥይት ሲቆስሉ፣ ጥይት በሰው ገላ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ማየት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ጀርመናዊው ሬንትገን ጨረሩን ያገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ የዐድዋ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም ኔፕልስ ውስጥ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አይቶ ጥይት ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ የተፈለገው ጥይት እንግዲህ የእኛ መሆኑ ነው!

ወደ ድንበራችን ልመለስ። ዐፄ ዮሐንስን መተማ ላይ የገጠመው የኸሊፋ አብዱላሂ ጦር በ1890 ዓ.ም. ነሐሴ ኦምዱርማን ላይ በእንግሊዝና በግብፅ ጦር ተሸነፈ። ባተርስቢ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ቁስለኞቹን ናይል ዳር፣ አባዲያ ላይ በራጅ መረመረ። መብራት የለም፤ ዳይናሞውን የሚያዞረው ሁለት ሰው የሚጋልበው ብስክሌት ነበር። መሣሪያው በረሃውን ሲያቋርጥ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ ሳይደርቅ ውኃ እየተደረገበት ነው የተጓዘው። በተለመደው ምርመራ የጥይታቸው ነገር ካልታወቀ 21 ቁስለኞች የ20ውን ለየ።

ጨረሩን ማመንጨት በብስክሌትም ተችሏል። ቆላ ውስጥ ያስቸገረው ጨረሩን የሚቀበለው ነገር ነው። የጥንቱ መስታወትም ሆነ በኋላ የመጣው ፊልም የብር ውህድ ያለበት ጄላቲን የተቀባ ነው። ጄላቲን በሙቅ ውኃ ይላላል፤ ሙቀት ያገኘው ፊልምም ጭጋግ ይለብሳል። ማጠቢያው ኬሚካል 20 ዲግሪ ግድም ይፈልጋል፤ የመተማ ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ያልፋል። ጨለማ ክፍል ገብታችሁ በላብ ተጠምቃችሁ ፊልም ያጠባችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ስሙን በማልጠራው አንድ የቆላ ጤና ተቋም ስሠራ፣ ለሰሊጥ አረም የወረደ አንድ ጎረምሳ ደም እየተፋ መጣ። ፊልሙ ሚያዝያን በቆርቆሮ መጋዘን ያሳለፈ ነበርና ደረቱ ጉም ሆኖ ወጣ። «ነገ ተመለስ» አልኩት። ማታውኑ የእርሻው መኪና ጭኖት ሄደ፤ ዳግም አላየሁትም። ቲቢ ከነበረበት በዚያ የሠራተኞች ዳስ ውስጥ ስንቱ አብሮት እንደተኛ አስቡት።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ጃፓኖች በሌዘር የሚነበብና ተሰርዞ እንደገና የሚሠራ ሰሌዳ ለገበያ አቅርበው ነበር፤ እኛ ገና ፊልም እናጥባለን። ኋላ የመጣው ጠፍጣፋ ዲጂታል ሰሌዳ ግን ነገሩን ለወጠው። ሲዚየም አዮዳይድ ጨረሩን ወደ ብርሃን፣ ከሥሩ ያለው ሲሊከን ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡና ምስሉ በሰከንዶች ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፤ በሽተኛው ሸሚዙን ሳይቆልፍ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ከ15 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በሚደረግ የቲቢ ልየታ ላይ የደረት ራጅን ኮምፒውተር እንዲያነበው ፈቅዷል። ራጅ አንባቢ ሐኪም ለሌለበት ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዘንድሮው ግንኙነታችን «ለቆላ ዲጂታል ራጅ እንግዛ» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እኔም አለሁበት። ግን አዲሱም ሰሌዳ ሙቀት አይወድም፤ መመሪያው ላይ የሙቀት ጣሪያ ተጽፎበታል። አቧራና የመብራት መቆራረጥም አለ። እንግዲህ ባትሪውና የክፍሉ ማቀዝቀዣ ከሰሌዳው ጋር አብረው ይገዙ፤ ባተርስቢም እርጥብ ጨርቁን ይዞ ነው በረሃውን የተሻገረው።