ፕሬዚዳንቷን ማን መረጣቸው?

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት ቡድናችን ቁጠባ ሊሰበስብ ተቀምጦ ሳለ፣ አምባሳደር ሳህለወርቅ ዘውዴ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነው መመረጣቸውን በሬዲዮ ሰማን። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እናታችን ግን «ደስ ይላል፤ ለመሆኑ ማን መረጣቸው? እኔ ካርድ አልወሰድኩ፣ ኮሮጆ አላየሁ» አሉ። የመለሰችላቸው አልነበረችም። ዘንድሮ ወደ ኅብረታችን የምንልካቸውን ተወካዮች የምንመርጥበት ጊዜ ስለደረሰ፣ ጥያቄያቸውን አሁን ልመልስ።

በአገራችን ታሪክ ሕዝብ ርእሰ ብሔሩን በቀጥታ ድምፅ መርጦ አያውቅም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ለንግሥና የመረጡት መኳንንቱና የቤተ ክህነት መሪዎች ነበሩ። በዚያው ጊዜ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ፤ የመንግሥቱ ሥራም እያደር ወደ እሳቸው አለፈ። በደርግ ዘመን የወጣው የ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ ፕሬዚዳንቱን የመምረጥ ሥልጣን ለብሔራዊ ሸንጎ ሰጠ፤ ሸንጎውም መንግሥቱ ኃይለማርያምን መረጠ።

አሁን የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። በአንቀጽ 70 መሠረት ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከዚያ ይህ ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከደገፉት፣ ዕጩው ፕሬዚዳንት ይሆናል። የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ማንም ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። የተወካዮች ምክር ቤት አባላትን በየ5 ዓመቱ የምንመርጠው እኛ ነን። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ግን የክልል ምክር ቤቶች ይመርጧቸዋል፤ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ያደርጋሉ። እንግዲህ የእናታችን ድምፅ ፕሬዚዳንቷ ዘንድ የሚደርሰው በሰው እጅ እየተቀባበለ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ዶክተር ሙላቱ ተሾመ የሥራ ዘመናቸው ሳያልቅ ለቀቁ፤ አንዲት ዕጩ ቀረቡ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በሙሉ ድምፅ ተቀበሏቸው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች የያዙት ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ስለነበሩ፣ ውጤቱ ብዙ የሚያጠራጥር አልነበረም። ከእነዚያ መቀመጫዎች 212ቱን የያዙት ሴቶች ነበሩ።

ወንበሩ ክብር አለው፤ ሥልጣኑ ግን ውስን ነው። ፕሬዚዳንቱ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደሮችን ይሾማል፣ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርምም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። አስፈጻሚው ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው።

ይህን ስል እልልታችን ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. አገልግለዋል፤ ልጆቻችንም ሴት ርእሰ ብሔር አይተው አድገዋል። ነገር ግን የእናታችን ጥያቄ ወደ ራሳችን ቤትም ይገባል። እኛም የኅብረታችንን ሰብሳቢ በቀጥታ አንመርጥም፤ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ተወካዮች እንልካለን፣ እነሱ ይመርጣሉ። ባለፈው ጊዜ ስንመርጥ መሽቶብን ስለነበር «ማንም ትሂድ» ተባለና እኔ ተላክሁ። እዚያ ስደርስ ለሰብሳቢዋም፣ ለብድር ወለዱ ጭማሪም እጄን አወጣሁ። ከመሄዴ በፊት ማንንም አልጠየቅሁም፤ ተመልሼም አልተናገርሁም። እናታችን ጭማሪውን ያወቁት ብድራቸውን ሊከፍሉ ሲመጡ ነው። «ማን ወሰነው?» ሲሉኝ «እኔ» ማለት አፍሬ ዝም አልሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ በጊዜ እንሰብሰብ። ተወካዮቻችን ከመሄዳቸው በፊት ማንን ሊመርጡ፣ በምን ጉዳይ እጅ ሊያወጡ እንዳሰቡ እንጠይቃቸው፤ ሲመለሱም ያደረጉትን በቃለ ጉባኤያችን ላይ እናስፍር። እናታችንም የመጀመሪያዋ ጠያቂ ይሁኑልን።