“ደመወዝ፦ በስምምነት” - ማን ከማን ጋር ተስማማ?

እስቲ አንድ የሥራ ማስታወቂያ አንሡና አንብቡ። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ዕድሜ፣ ዋስ፣ አንዳንዴም “መልካም ቁመና” ይጠየቃል። ደመወዝ ላይ ስንደርስ ግን አንዲት ቃል ብቻ፦ “በስምምነት”። ባስ ሲል “በድርጅቱ ስኬል መሠረት” ይላል፤ ስኬሉን ያየ ግን የለም። “ማራኪ ጥቅማ ጥቅም” የሚልም አለ። ማንን እንደማረከ እግዜር ይወቅ።

ይህች “ስምምነት” የምትባል ቃል ታሪክ አላት። ድሮ ትርጉሟ ሌላ ነበር።

የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ለሠራተኛው ደመወዙ ብቻ ሳይሆን መኖሪያውና ሕክምናውም በአሠሪው እጅ ነበር። ብቻውን የቆመ ሠራተኛ እንዲህ ካለ ኩባንያ ጋር ምን ይስማማል? የተባለውን ይቀበላል እንጂ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ተመሠረተ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210/1956 ወጣ። የኅብረት ስምምነት የሚባለው ነገር በሕግ ቦታ ያገኘው ያኔ ነው። ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው፣ ጽፈው፣ ፈርመው የሚያስቀምጡት ሰነድ ማለት ነው። “ስምምነት” ያኔ የብዙዎች ቃል ነበረች፤ ወረቀት ላይም ትገኝ ነበር።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ሥራ ሁሉ በደረጃ ተመድቦ ነበር፤ ፕሳ፣ ጽሂ፣ ጥጉ የሚሉትን ምህጻረ ቃላት ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ደረጃውን ያወቀ ደመወዙን ያውቃል። ጡረታውም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተጽፏል። በደርግ ዘመን ተመራቂው በመንግሥት ይመደብ ስለነበር የት እንደሚሠራ መምረጥ አይችልም፤ ስንት እንደሚከፈለው ግን ያውቃል። የዲግሪ መነሻ 500 ብር ነው፤ ሰፈሩም ያውቀዋል። ነፃነት የለም፣ ምስጢርም የለም። ያን ዘመን መናፈቄ አይደለም፤ መረጃው እንዳልጠፋ ለማለት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የግል ድርጅት በዛ፣ ምደባ ቀረ፣ አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42/1985 ወጣ። ጋዜጦች በሥራ ማስታወቂያ ወፈሩ፤ አራት ኪሎ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ቫኬንሲ ማንበብ የአንድ ትውልድ ትዝታ ሆነ። መምረጥ መጣ፤ የምንመርጠው ነገር ዋጋ ግን ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። “ስምምነት” ከማኅበሩ እጅ ወጥታ አንድ ሥራ ፈላጊና አንድ የሰው ኃይል ኃላፊ በተፋጠጡበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። አንደኛው ለቦታው የተያዘውን በጀት ያውቃል፣ ሌላኛዋ የቤት ኪራይዋን ብቻ ታውቃለች። “ስንት ትጠብቂያለሽ?” ትባላለች። ዝቅ ካደረገች ዓመታት ትከፍልበታለች፤ ከፍ ካደረገች “እንደውልልሻለን” ነው።

ጥቅማ ጥቅሙም የዋዛ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች አገር አቀፍ የጡረታ ሕግ ያገኙት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው፤ ዛሬ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ከዚያ በፊት ሁለት ድርጅቶች እኩል ደመወዝ ከፍለው፣ አንዱ ፕሮቪደንት ፈንድ ሲኖረው ሌላው ባዶ ሊሆን ይችል ነበር። ዛሬም ሕክምናው፣ ትራንስፖርቱ፣ ቦነሱ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ሳይነገር የቀረ ጥቅም ከደመወዝ ላይ እንደተቀነሰ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈል፣ የውሉን ዘመን መግለጽ አለበት ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ እነዚህን ነገሮች ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። ደግ ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ከተቀጠሩ በኋላ ነው። ሰው የቀድሞ ሥራውን ለቆ፣ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ጀምሮ የሚያገኘው መረጃ ለመምረጥ አይረዳውም፤ ለመጽናናት ካልሆነ።

አሠሪዎች መልስ አላቸው፦ “ብናወጣው ተፎካካሪ ያየዋል፣ ነባሩ ሠራተኛ ያኮርፋል።” ነባሩ የአዲሱን ደመወዝ አይቶ ካኮረፈ ግን ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው ወይስ የስኬሉ? የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪዎች ማስታወቂያ ላይ ደመወዙንና ጥቅማ ጥቅሙን እንዲጽፉ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ “በፊት ስንት ይከፈልሽ ነበር?” ብሎ መጠየቅን ከልክሏል፤ ይህ ጥያቄ ሴቶች ትናንት ያነሰ የተከፈላቸውን ወደ ነገ ይዞት ስለሚሄድ።

እኛ ጋ ማስታወቂያው እስኪናገር ድረስ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። ደመወዙ ያልተጣራ ነው የተጣራ? ሕክምናው ቤተሰብን ይጨምራል? የትርፍ ሰዓት ይከፈላል? የኅብረት ስምምነት አላችሁ? ካለስ ማየት ይቻላል? ይህን መጠየቅ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ግን ዕድሜያችንን፣ ዋሳችንን፣ ቁመናችንን ሳይቀር ጠይቀውናል፤ እኛ ቁጥር ብንጠይቅ ምን ነውር አለው?