ብሉ ጆን፦ የአንድ ትንሽ የፍሎራይት ክምችት ታሪክ

በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሸር አውራጃ፣ ካስልተን ከምትባለው መንደር በስተ ምዕራብ ትሪክ ክሊፍ የሚባል ኮረብታ አለ። በሐምራዊ፣ በነጭና በቢጫ መደዳ የተዥጎረጎረውና ብሉ ጆን ተብሎ የታወቀው ፍሎራይት ስሙን ያገኘው በዚሁ ኮረብታ ነው። ክምችቱ በቶን ቢመዘን ከታላላቆቹ የፍሎርስፓር ማዕድናት ጎን የሚጠቀስ አይደለም። ይሁንና ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲቆፈር ኖሯል፤ ዛሬም አልተዘጋም። ምክንያቱን ለመረዳት መነሻው ድንጋዩ ራሱ ነው።

የዛሬ 330 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በካርቦኒፈረስ ዘመን፣ በዚህ ሥፍራ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር። የኖራ ድንጋዩ በባሕሩ ዳርቻ እንደ ግድግዳ ተገንብቶ ወደ ጥልቁ ውኃ በቁልቁለት ይወርድ ነበር። ከቁልቁለቱ ላይ እየተፈነቀሉ የወደቁት ቋጥኞች ከግርጌው ተከመሩ፤ በቋጥኝና በቋጥኝ መካከልም ባዶ ሥፍራ ቀረ። ቀጥሎ ሼል የተባለው ጥቁር የጭቃ ድንጋይ በክምሩ ላይ ተነጥፎ እንደ ክዳን ደፈነው። በካርቦኒፈረስ መጨረሻና ከዚያ በኋላ፣ ፍሎሪን፣ ባርየምና እርሳስ የያዘ ሙቅ ጨዋማ ውኃ ከጥልቅ ደለል ተነሥቶ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ እየሰረገ መጣ። ሼሉ አላሳልፍ ስላለው በቋጥኞቹ መካከል ታግዶ ቆመ፤ የተሸከመውንም ማዕድን በዚያው አራገፈ።

የኅብሩ ምሥጢር ከዚህ ይጀምራል። ፍሎራይቱ ከባዶው ሥፍራ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ መካከል በንብርብር አደገ፤ የውኃው ጠባይ በተለወጠ ቁጥር የንብርብሩም ቀለም ተለወጠ። የክምችቱ ማነስ ምክንያትም ይኸው ነው። በቋጥኞች መካከል ያለ ባዶ ሥፍራ እንደ ስንጥቅ ወደ ታች ረጅም መንገድ አይሄድም፤ ሥሩን እየተከተለ የሚቆፍር ሠራተኛ ብዙ ሳይርቅ ከባዶ የኖራ ድንጋይ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ውበቱና ትንሽነቱ ከአንድ አባት የተወለዱ ናቸው ማለት ይቻላል። (ያ ክዳን የሆነው ሼል በአጠገቡ ባለው በማም ቶር ተራራ ሥር እየተንሸራተተ የአውራ ጎዳናውን ደጋግሞ ስለ ሰበረው፣ መንገዱ በ1979 ለመኪና ተዘግቷል፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐምራዊው ቀለም ከምን እንደ መጣ ብዙ ተከራክሮበታል። በአቅራቢያው በዊንዲ ኖል ከኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሬንጅ መሰል ነገር ስለሚገኝ፣ ቀለሙ ከነዳጅ ዘይት የመጣ ነው ይባል ነበር። የኋለኞቹ ምርምሮች ግን ወደ ክሪስታሉ የአተም አደራደር ጉድለት ያመለክታሉ።

የአካባቢው ሰዎች ቀድሞ የሚፈልጉት እርሳስ ነበር። በኮረብታው ግርጌ ያለው የኦዲን ማዕድን ለረጅም ዘመን እርሳስ ሲያወጣ፣ ፍሎራይቱ አብሮ የሚወጣ ውዳቂ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ግን የመኳንንቱ ቤት ጌጥ ፈለገ። ዘመኑ በእርግጥ ከሚታወቀው ሥራ ቀዳሚው በ1762 በኬድልስተን አዳራሽ፣ በአርክቴክቱ በሮበርት አዳም ንድፍ የተሠራው የእሳት ምድጃ ጌጥ ነው። በ1768 የበርሚንግሃሙ ባለ ፋብሪካ ማቲው ቦልተን የማዕድኑን ጉድጓድ ለመከራየት ይቻል እንደ ሆነ ወዳጁን ጆን ዋይትኸርስትን ጠየቀ። ኪራዩ ባይሳካለትም ድንጋዩን እየገዛ በወርቅ ከተቀባ ነሐስ ጋር አጋጥሞ የአበባ ማስቀመጫና የሻማ መቅረዝ ሠራበት። ሮማውያን ከዚህ ኮረብታ ወስደዋል የሚለው ወሬ የነጋዴ ማሻሻጫ ይመስላል እንጂ ማስረጃ የለውም፤ በብሪትሽ ሙዚየም ያሉት ሁለቱ የሮማውያን የፍሎራይት ዋንጫዎች ከምሥራቅ የመጡ ናቸው።

ድንጋዩ ለሠራተኛ የዋህ አይደለም። ፍሎራይት በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 4 ብቻ ሲሆን በአራት አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተመረጠው ቁራጭ ደርቆ በሙጫ ይነከራል፤ ሙጫው በስንጥቆቹ ገብቶ ካልያዘው ቶርኖ ላይ እንደ ወጣ ይፈርሳል።

ዋናው ፈተና የመጣው ከብረት ፋብሪካ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አዲሱ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ሲስፋፋ፣ በቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፈውን ዝቃጭ የሚያቀጥን ፍሎርስፓር በብዛት ተፈለገ። ለምድጃው ሐምራዊውና ነጩ አንድ ናቸው፤ የሚጠይቀው የካልሲየም ፍሎራይዱን መጠን ብቻ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከትሪክ ክሊፍ የወጣ ፍሎራይት ወደ ምድጃ ገብቷል። ጦርነቱ ማስገደዱ ባይካድም፣ ከዚያ ጋር የነደደው ጌጠኛ ድንጋይ የሚተካ አልነበረም። እንዲያውም ኮረብታውን ያዳነው የቆፋሪዎቹ ድንገተኛ ግኝት ነው፦ በ1926 ለፍሎርስፓር ሲባል በፈንጂ ሲሰነጠቅ፣ በኖራ ጠብታ የተሠሩ የድንጋይ ዘንጎች የሞሉበት ዋሻ ተገለጠ። ዋሻው በ1935 ለጎብኚ ተከፈተ።

ዛሬ ትሪክ ክሊፍና ጎረቤቱ ብሉ ጆን ዋሻ በበጋ ጎብኚ ይቀበላሉ፤ ጎብኚ በሚያንስበት ክረምት ሠራተኞቹ በእጅ መሣሪያ ጥቂት ድንጋይ ያወጣሉ። በዓመት የሚወጣው አንድ ቶን አይሞላም፤ እሱም በካስልተን ሱቆች ለቀለበትና ለአነስተኛ ጌጣጌጥ ይውላል። በ2013 በትሪክ ክሊፍ ቀድሞ ያልታወቀ ሥር ተገኝቷል።