የሴባስቶፖል መድፍና የአረቄ ማሰሮ ዜና

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወረድበት፣ ቴዎድሮስ አደባባይ በተባለው ስፍራ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ተተክሎ ይታያል። የዋናው መድፍ ዜና እንዲህ ነው። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የአውሮፓን የእጅ ሥራ በአገራቸው ለማቆም ጽኑ ምኞት አደረባቸው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን እነቴዎፍሎስ ቫልድማየርንና ሌሎችን ባለሙያዎች በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሰፈሩ፤ ከእነርሱም መድፍ እንዲሠሩላቸው ፈለጉ። ሰዎቹ አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሉም። ስንት ጊዜ ከሽፎ በ1859 ዓ.ም. ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሆነው ታላቁ መድፍ ቀልጦ ተሠራ፤ ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተደለደለ፣ በሰው ጉልበት ከደብረ ታቦር መቅደላ አምባ ድረስ ተጎተተ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ፣ ንጉሡ በገዛ እጃቸው አረፉ። ጦሩ እስረኞቹን ይዞ ሲመለስ አብዛኞቹ የጋፋት ሠራተኞችም አብረው ወጡ፤ መድፉ ግን እዚያው አምባው ላይ ቀረ፤ ዛሬም አለ። ከ28 ዓመት በኋላ በዓድዋ ያጓሩት የኢትዮጵያ መድፎች ከውጭ የተገዙ ወይም ከጠላት የተማረኩ ነበሩ። አገር ውስጥ የመድፍ ማቅለጥ ጥበብ በአንድ ንጉሥ ዘመን ተወለደ፣ በዚያው ዘመን ሞተ።

በዚያው ዘመን ግን ማንም ንጉሥ ያላዘዘው፣ አዋጅ ያልተነገረለት፣ ሠራተኛው በሰንሰለት ያልተያዘበት ሌላ የባዕድ ጥበብ በኢትዮጵያ ምድር ተሠራጭቶ ነበር። እርሱም ድፍድፍን አፍልቶ ተኑን በማቀዝቀዝ ጠንካራ መጠጥ የማውጣት ጥበብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገሪቱ የተቀመጡ የውጭ ሰዎች አረቄን ሲጠሩ እንደ ታወቀ መጠጥ አድርገው ነው እንጂ እንደ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለት ነገር አንድ ነው፦ ባለፉት ሁለት ምዕት ዓመታት ከውጭ መጥተው በኢትዮጵያ ገበሬ ቤት ሥር ከሰደዱ የእጅ ጥበቦች መካከል ከአረቄ ማሰሮ የሚበልጥ ጥቂት ነው፤ ታሪካችን ሐውልት ያቆመው ግን ለሞተው ጥበብ እንጂ ለኖረው አይደለም። ይህን ስል መድፉን ለማቃለል አይደለም። የንጉሡ ሕልም ታላቅ ነበረ፤ የወደቀበትም ምክንያት ራሱ ትምህርት ስላለው ነው የሁለቱን ዜና አጠገብ ለአጠገብ ማቆሜ።

አሠራሩን ማየት ይገባል፤ ክርክሩ ያለው ከዚያ ላይ ነውና። አረቄ የምታወጣ ሴት አስቀድማ የጌሾ ቅጠል ወቅጣ በውኃ ትጠነስሳለች። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ከተቀመጠ በኋላ የብቅል ዱቄት ታክልበታለች፤ ከዚያም እንደ አገሩ ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ የጋገረችውን ቂጣ ቆራርሳ ትጨምራለች። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ያብላላል። ድፍድፉ ሲደርስ ወደ ማሰሮ ይገለበጥና ይጣዳል፤ የማሰሮው አፍ ተገጥሞ፣ ተን እንዳያመልጥ በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል፤ ከላዩ የሸምበቆ ወይም የቀርከሃ ቧንቧ ይወጣና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተዘፈዘፈ ዕቃ ይወርዳል። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም፣ ውኃ በ100 ይፈላሉ፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ሁለቱም ከዚህ ዝቅ ይላሉ። የጥበቡ ምሥጢር በዚህ ልዩነት መካከል እሳትን መያዝ ነው። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ በቧንቧው ይመጣል፣ ወይም ከሥሩ ያርራል፤ ካነሰ ምንም አይወርድም። ቴርሞሜትር የለም፤ ያለው ዓይን፣ ጆሮና እጅ ነው። ማቀዝቀዣው ውኃ ሲሞቅ በሰዓቱ መለወጥ አለበት። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ነው፤ ይኸው ተመልሶ ተጥዶ ሲወጣ ዳግም ይባላል። ናሙና የመረመሩ ኬሚስቶች በተራው ውስጥ 34፣ በዳግሙ ውስጥ 45 ከመቶ ገደማ አልኮል አግኝተዋል። ሁለት ጊዜ ማውጣት ለምን እንደሚያጠነክር በኬሚስትሪ መጽሐፍ ያልተማረች ሴት ይህን ያህል ማድረሷ ቀላል ነገር አይደለም። ቀሪው አተላ ለከብት ይሰጣል፤ የሚጣል የለም።

አንዱ ተቃውሞ ከዚህ ላይ ይነሣል። የማውጣቱ ጥበብ ከዐረብ አገር በንግድ መንገድ የመጣ ነው፤ ታዲያ ከውጭ የመጣን ነገር የራስ ቅርስ ማለት እንዴት ይቻላል? ለዚህ መልሱ በሌላ አገር ታሪክ ይገኛል። አሜሪካውያን ዊስኪን ብሔራዊ መጠጣቸው አድርገው ይኮሩበታል፤ ጥበቡ ግን ከስኮትላንድና ከአየርላንድ በመጡ ስደተኞች የገባ ነው። የራሳቸው ያደረገው የአገሩ እህልና የሠራተኛው እጅ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1797 እ.ኤ.አ. በማውንት ቨርነን እርሻቸው የአረቄ ማውጫ ቤት ያሠሩት ጄምስ አንደርሰን በተባለ ስኮትላንዳዊ ምክር ነበር። አምስት የመዳብ ማውጫዎች ተተከሉ፤ ድፍድፉ 60 ከመቶ ራይ የተባለ እህል፣ 35 ከመቶ በቆሎ፣ 5 ከመቶ የገብስ ብቅል ነበር፤ አብዛኛው ሁለት ጊዜ እየወጣ፣ በበርሜል ሳያረጅ፣ ነጩን እንደወጣ ይሸጥ ነበር። በ1799 እ.ኤ.አ. ወደ 11,000 ጋሎን አወጡ። አተላውን ከብትና አሳማ ይበሉት ነበር። ይህን ያነበበ የሸዋ ወይም የጎጃም ሰው ባዕድ ነገር አያገኝበትም፦ ብቅሉ፣ በቆሎው፣ ዳግሙ፣ አተላው ሁሉ የቤቱ ነው። መዳቡ ብቻ በሸክላ፣ ራዩ በዳጉሳ ተተካ፤ ጌሾ ተጨመረ። እንግዲህ አሜሪካዊው በበቆሎውና በራዩ የራሱ ካደረገው፣ ኢትዮጵያዊቷ በጌሾና በዳጉሳ የራሷ እንዳደረገች የማይቆጠርበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይልቅ ይከብዳል። መድፍ ብረታ ብረት፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ የማቅለጫ ምድጃና ስሌት ይጠይቃል፤ ማሰሮ ግን ጭቃና ማገዶ ብቻ፤ ሁለቱን ማነጻጸር ፍርደ ገምድልነት ነው ይባላል። እውነት ነው፣ አይተካከሉም። ነገር ግን የክርክሩ ፍሬ በዚሁ አለመተካከል ውስጥ ነው። ጋፋት የሞተችው ጥበቡ ስለ ከበደ ብቻ አይደለም፤ ከንጉሡ ፈቃድ በቀር የቆመችበት መሠረት ስላልነበራት ነው። በዙሪያዋ ምርቷን የሚገዛ ገበያ አልነበረም፤ ዕውቀቱ ያለው በጥቂት ባዕዳን ዘንድ ነበር፤ እነርሱም ሲሄዱ ዕውቀቱ አብሯቸው ሄደ። አረቄን ግን የሚያወጣው ሸክላ ከሸክላ ሠሪ፣ ጌሾው ከጓሮ፣ እህሉ ከጎተራ፣ ገዢው ከመንደር ይገኛል፤ ልጅም ከእናቷ ትማረዋለች። የጥበብ ዕድሜ የሚለካው በሚያሳየው ግርማ ሳይሆን በሚያገኘው ስንቅ ነው ብንል ሁለቱም ዜናዎች ይመሰክራሉ። አፄ ቴዎድሮስ ጥበብን በትእዛዝ ለማምጣት ቸኩለው ነበር፤ ለመቸኮላቸውም በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ኃይል አይተውታልና።

ታዲያ የኖረው ጥበብ ስለምን ሳይጻፍ ቀረ? የነገሥታት ዜና መዋዕል ስለ ዘመቻ፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን መታነጽና ስለ ግብር ይጽፋል። ጠጅ የንጉሥ ግብር ማዕረግ ስለ ሆነ ከአዳራሹ ጋር ስሙ ይነሣል፤ አረቄ ግን አዳራሽ አልነበረውም። የምታወጣውም በአብዛኛው ድኻ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት ወይም የተፈታች፣ ርስት የሌላት። ጸሐፌ ትእዛዝ በደጇ አያልፍም። የማውንት ቨርነን ነገር የታወቀው የዋሽንግተን መጠጥ ከሌላው ስለ በለጠ አይደለም፤ ባለቤቱ የገቢና የወጪ መዝገብ ስለ ያዙ ነው። ቤቱ በ1814 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ ከመሬት በታች ሲቀር ቁፋሮውና መዝገቡ ተደምረው በ2007 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ እንዲቆም አስቻሉት፤ ጎብኚም ዛሬ ይገባበታል። ከዚያው መዝገብ የባሪያዎቹ ሠራተኞች ስም ጭምር ተገኝቷል፦ ሐንሰን፣ ፒተር፣ ናት፣ ዳንኤል፣ ጄምስና ቲሞቲ ይባላሉ። እሳቱን የያዙት፣ ድፍድፉን ያማሰሉት እነርሱ ናቸው። ጌታቸው የጻፈው ስለ ክብራቸው አልነበረም፤ እንደ ንብረቱ ቆጥሮ ነው። ሆኖም ቆጠራው ስማቸውን አተረፈ። የእኛዎቹ ሴቶች ጨዋዎች ሆነው ሳለ ስማቸው በመዝገብ የለም።

የከተማይቱም ታሪክ ይህንኑ ልማድ ይከተላል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የአራዳ ገበያ ሲደራ ጠጅ ቤቱም መሸታ ቤቱም አብሮ በዛ። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተከፈተ፤ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ምሥረታውን ወደ 1906 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል፤ የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተተከለ። እነዚህ ሁሉ ቀን አላቸው። የአልኮል ፋብሪካው ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ፣ ንጹሕ አልኮል እያወጣ ኡዞውን፣ ጂኑን፣ ፈርኔቱን ያዘጋጃል፤ ዓምዱ ብረት፣ ሥራው በሚዛን ነው። በውቤ በረሃ፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በእሪ በከንቱ ሰፈሮች በመለኪያ ሲቀዳ የኖረው የቤት አረቄ ግን የማርም ሆነ የኮሶ፣ የግብጦም ሆነ ነጩ፣ ቀንም መሥራችም የለውም። ታሪክ የሚከተለው መሥራች ያለውን ነው ማለት ነው።

በመጨረሻ የሚነሣውን ተቃውሞ ማለፍ አይገባም፤ ሁሉን የሚበልጥ እርሱ ነውና። አረቄ ትዳር አፍርሷል፣ ጤና ነስቷል፤ ካህናትም ሐኪሞችም ያወግዙታል፤ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ጥበብ ማወደስ ተገቢ ነውን? ጉዳቱ እውነት ነው። በማገዶም በኩል የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ካቲካላ የሚባለው የቤት አረቄ በብዛት በሚወጣበት በአርሲ ነገሌ የጫካው መመናመን ከዚህ ሥራ ጋር ስሙ ይነሣል። መንግሥትም በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወገድ አድርጓል፤ በዐዋጅ ቁጥር 1186/2012 የኤክሳይስ ታክሱን ደንግጓል። ዳሩ ግን ዜና መዋዕል መጻፍ ማወደስ አይደለም። ሴባስቶፖልም ሰውን ለመግደል የተሠራ ዕቃ ነው፤ ማንም ስለዚህ ከአደባባዩ ይነሣ አላለም፤ የሚከበረው የሰው ልጅ ያለመውና የደከመበት ነውና። ለመድፍ የተፈቀደው ፍርድ ለማሰሮ ሊከለከል አይገባም። ደግሞም ጉዳቱን ለመከላከል የሚሻ ሰው አሠራሩን ማወቅ ይኖርበታል። ከምን እህል፣ በምን ዕቃ፣ በምን ንጽሕና እንደሚወጣ ሳይመዘገብ መልካሙን ከመጥፎው መለየት አይቻልም። የአሜሪካ መንግሥት በ1791 እ.ኤ.አ. በዊስኪ ላይ ቀረጥ ሲጥል ትላልቆቹ ማውጫዎች ቀለላቸው፣ የምዕራብ ፔንሲልቫኒያ ትንንሽ ገበሬዎች ከበዳቸው፤ በ1794 እ.ኤ.አ. ዐመፁ፤ ዋሽንግተን ራሳቸው ጦር አስከትተው ወጡባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ እኚሁ ሰው አረቄ አውጪ ሆኑ። የትንሹን ሰው ሥራ ሳያውቁ ሕግ ማውጣት ወዴት እንደሚያደርስ ከዚህ ይታያል።

አሁን በአራዳ የሚሆነው ደግሞ ክርክሩን በተግባር ይፈትነዋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በዶሮ ማነቂያና በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ አያሌ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳር ወደ ኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ተዛወሩ። ውኃና መጸዳጃ ቤት ማግኘታቸው መልካም ነው። የቤት አረቄ ግን ግቢ፣ ማገዶ፣ ጋን የሚቀመጥበት ጥላና አተላ የሚወስድ ከብት ይፈልጋል፤ በአራተኛ ፎቅ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ማሰሮ ቢጣድ እንኳ ጭሱና ሽታው ጎረቤት ያስነሣል። በከተማዋ መሸታ ቤቶች የሚቀዳውም ከደብረ ብርሃንና ከአርሲ ነገሌ በጀሪካን እየተጫነ ይገባል፤ ጥበቡ ከአዲስ አበባ ጓሮ እየለቀቀ ስንቁ ወዳለበት ወደ ገጠሩ እየተመለሰ ነው።