ቤተ እስራኤልና ትምህርት፤ ለቤተ መዘክር ጉብኝት የሚሆን አንድ የታሪክ ምዕራፍ

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ የታሪክ መምህር፥ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ያስጐበኛል። ተቋሙ የተመሠረተው በ1963 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቤተ መዘክሩ የአገሪቱን ሕዝቦች ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በተራ ያሳያል። በዚህ ዓይነት ጉብኝት ላይ የቤተ እስራኤል ስም ሲነሣ ግን፥ ማብራሪያው ብዙውን ጊዜ ከሸክላና ከወናፍ አያልፍም።

ማብራሪያው ሐሰት አይደለም፤ ጐደሎ ነው እንጂ። ቤተ እስራኤል በ15ኛው መቶ ዘመን ከተደረጉት ጦርነቶች ወዲህ የርስት መብታቸውን እያጡ ወደ አንጥረኝነት፥ ወደ ሸክላ ሥራና ወደ ሽመና አዘነበሉ። ማረሻውንም ማሰሮውንም ከእጃቸው የሚገዛው ጐረቤት በቡዳነት ያማቸው ነበር። እንግዲህ ሸክላው ብቻውን ሲታይ ተማሪው የሚያስታውሰው ታሪኩን ሳይሆን ሐሜቱን ሊሆን ይችላል። ይኸው ሕዝብ ኦሪትን በግዕዝ ያነብ እንደነበር፥ ቄሶቹና መነኮሳቱም ልጆችን ያስተምሩ እንደነበር አብሮ መነገር አለበት።

ከዚህ ነባር ትምህርት ጐን አዲሱ የመጣው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ነው። ዣክ ፋይትሎቪች የተባለው ምሁር በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከቤተ እስራኤል ጋር ተዋወቀ። የሚስዮናውያንን ስብከት ለመመከት የሚበጀው ትምህርት መሆኑን ስላመነ፥ ወጣቶችን እየመረጠ ወደ ውጭ አገር ላከ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አቶ ታምራት አማኑኤል ሲሆኑ፥ በፓሪስና በፊሬንዜ ተምረው ተመልሰዋል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊነቱን የተረከቡ እሳቸው ነበሩ። እስከ 1935 ድረስ ለትምህርት ወደ ውጭ የተላኩት ወጣቶች 25 ያህል ይደርሳሉ።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። አባቶች በግዕዝ የሚጸልዩትን ልጆች በዕብራይስጥ መማር ጀመሩ፤ ከውጭ የመጣው ሥርዓትም ከቄሶቹ ልማድ ጋር በየቦታው አልገጠመም። ከተማሪዎቹም ከፊሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ከመመለስ ይልቅ በመንግሥት ሥራ ገባ። በ1936 የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ አቶ ታምራትም ተሰደዱ።

ከነጻነት በኋላ ጅምሩ እንደገና ቀጠለ። የወለቃው ተወላጅ አቶ ዮና ቦጋለ፥ በኢየሩሳሌምና በኤውሮፓ የቀሰሙትን ዕውቀት ይዘው በጎንደር አካባቢ ለሚገኙት የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤቶች ደከሙ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአስመራ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ በ1955ና በ1956ም 27 ወጣቶች ተመልሰው እንዲያስተምሩ ለትምህርት ወደ እስራኤል ተላኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፍልሰት ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በሺህ የሚቆጠሩት ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ብዙዎችም በመንገድና በመጠለያ ሠፈር ሞቱ። በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ ዛሬ ጐብኚ የሚያውቃት በሸክላ ምስሎቿ ነው። በዚያች መንደር የተወለደውን መምህር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ባለቤቱ በሌለበት ዕቃው ይናገራል፤ የሚናገረው ግን አስረጂው ያስነገረውን ያህል ነው። ስለዚህ መምህሩ በሸክላው ፊት ቆሞ ተማሪዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይጠቅማል፦ ይህን የሠራችው ሴት ልጆቿን ማን አስተማረላት? በየትኛው ቋንቋ? የተማሩትስ ወዴት ሄዱ? ተማሪው መልሱን ሲፈልግ ኦሪቱን፥ ቄሱን፥ የአዲስ አበባውን ትምህርት ቤትና የአስመራውን ማሠልጠኛ ያገኛል። ያን ጊዜ ከጉብኝቱ ይዞ የሚመለሰው ሐሜት ሳይሆን የአንድ ሕዝብ ታሪክ ይሆናል።