ቆረቆር፣ ምላጭና ጎታ ጠባቂዋ ድመት

በአቀስታና በመካነ ሰላም ደጋ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፣ የቆረቆር ሕክምና ታሪክ የራስ ቅል ታሪክ ብቻ ሆኖ ኖሯል። የልጁ ፀጉር ሲመለጥና ቅርፊት ሲያወጣ ሁሉም የሚያየው ራሱን ነው፤ ይላጫል፣ እንዶድ ተወቅጦ ወይም የብሳና ጭማቂ ይቀባል፣ እንደየሃይማኖቱ ጸበል ወይም ዱዓ ይታከልበታል። ይህን ሁሉ ድንቁርና ብሎ ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እንዶድ ልብስ የሚያነጣው አረፋ በሚሰጠው ሳፖኒን ሲሆን፣ ሳፖኒን ፈንገስንም ይጎዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉትም ይህንኑ ተክል ነው። የባህሉ ድክመት ሌላ ነው፤ ቅባቱ ፀጉሩ ሥር ገብቶ የተደበቀውን ፈንገስ አያገኘውም፣ ምላጩ ደግሞ ሳይቀቀል ከአንዱ ልጅ ራስ ወደ ሌላው ከዞረ ሕክምናው ራሱ በሽታውን ያዳርሳል።

ፈረንጁም ቢሆን በዚህ ረገድ ብዙ አልበለጠንም። ሐኪሙ ግሩቢ በ1840ዎቹ ፓሪስ ላይ በሽታው ከፈንገስ እንደሚመጣ ካሳየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ፣ እዚያው ፓሪስ የቆዳ ሐኪሙ ሳቡሮ ያስፋፋው ሕክምና የልጆችን ፀጉር በኤክስሬይ ማርገፍ ነበር። በ1950ዎቹ እስራኤል ውስጥ በዚህ መንገድ የታከሙ ብዙ ስደተኛ ልጆች ካደጉ በኋላ የአንጎልና የታይሮይድ ዕጢ ከሌሎች ይልቅ በብዛት ታይቶባቸዋል። እንዶዱም ኤክስሬዩም የሚነሡት በሽታው ያለው እዚያው ራስ ላይ ነው ከሚል አንድ እምነት ነው። በ1958 ተመራማሪው ጄንትልስ የተለከፉ ጊኒ ፒጎችን በአፍ በተሰጠ ግሪሲዮፉልቪን ሲፈውስ ፈንገሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ ተመታ። ያም ሆኖ ኪኒኑ የሚያድነው የዋጠውን ልጅ ነው፤ ቤቱን አያክምም።

አቀስታ ያለችበትን የለጋምቦን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ልጁ፣ አጎዛው፣ ባናውና ምድጃ ዳር የተጠቀለለችው ድመት በአንድ ሙቀት ያድራሉ። ድመቷ የጎታውን እህል ከአይጥ ጠባቂ እንጂ ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም፤ ስለዚህም ይመስለኛል በሕክምናው ታሪክ ውስጥ ስሟ የማይነሣው። ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለው ፈንገስ ግን በዋናነት የሚኖረው በድመት ላይ ነው። ግልገሎች ላይ ክብ መላጣ ሆኖ ይወጣል፤ ትልልቆቹ አንዳንዴ ምንም ሳይታይባቸው በፀጉራቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ በረገፈ ፀጉር ላይም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። በኢትዮጵያ ልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ሲሆን፣ ይህም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። እውነት ነው፤ ድመትን በየቆረቆሩ መክሰስና ማባረርም አይጥን መጋበዝ ይሆናል። ግን ሁለቱ ፈንገሶች ይለያያሉ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የድመቷ ፈንገስ የያዘው ፀጉር ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያበራል፣ ቫዮላሲየም የያዘው አያበራም። መብራቱ በሌለበትም ድመቷ መላጣ ካላት፣ ወይም አቅፈዋት የሚተኙት ልጆች ክንድና አንገት ላይ ጭርት ከወጣ፣ ጥርጣሬው ወደ እርሷ ይዞር።

ለሰው ያልበቃ መድኃኒት ለድመት ከየት ይምጣ? ለሚሉም መልስ አለ። የልጁን ግሪሲዮፉልቪን ቆርሶ ለድመት መስጠት አይገባም፤ መቅኒዋን ሊመታ፣ በሆዷ ያለውንም ፅንስ ሊያበላሽ ይችላል። የእንስሳት ሐኪም የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ኢትራኮናዞል ሲሆን፣ ከዲንና ከኖራ በተሠራ መታጠቢያ በሳምንት ሁለቴ መንከርም ይታከልበታል። የቀረው ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት የሚጠይቅ ነው፤ ባናውን ደጋግሞ ማጠብ፣ የረገፈውን ፀጉር ጠርጎ ማቃጠል። በረኪና በእበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ብዙ ስለማይሠራ መጥረጊያው ይበልጠዋል። የልጁ ኪኒን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ የድመቷም መታጠብ የባናውም መታጠብ በእነዚያው ሳምንታት ውስጥ መዋል አለበት።