በድረ ገጾች የሚካተቱ የቅርብና የሩቅ ፋይሎች፤ አሠራራቸውና የሚያስፈልጋቸው ጥንቃቄ

የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በርካታ ገጾች ቢኖሩትም ራስጌው፣ ማውጫውና ግርጌው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፡፡ እነዚህን ክፍሎች በየገጹ ደጋግሞ መጻፍ አንድ የስልክ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ሁሉንም ገጾች ማረምን ይጠይቃል፡፡ በመሆኑም የጋራው ክፍል በአንድ ፋይል ይቀመጥና የገጹ ቴምፕሌት ይዘቱን ከዚያ እንዲያካትት ይደረጋል፡፡

የሚካተተው ፋይል ድረ ገጹ ባለበት ሰርቨር ላይ ከሆነ የቅርብ፣ ከሌላ ሰርቨር በኢንተርኔት አድራሻ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ የሩቅ ፋይል ይባላል፡፡

በፒኤችፒ ቋንቋ ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት ትእዛዞች መካከል ‹‹ኢንክሉድ›› እና ‹‹ሪኳየር›› ይገኙበታል፡፡ ፋይሉ ባይገኝ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ሲቀጥል፣ ሁለተኛው ግን ያቋርጣል፡፡ ስለዚህ እንደ ይለፍ ቃል ማረጋገጫ ላሉ ክፍሎች ሁለተኛው ተመራጭ ነው፡፡

የቅርብ ፋይል በመሥሪያ ቤቱ ቁጥጥር ሥር ሲሆን፣ የሩቅ ፋይል ግን ደብዳቤው ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ከወጣ በኋላ ሌላ ወገን ይዘቱን ሊለውጠው እንደሚችል አባሪ ነው፡፡ በዚህ መንገድ የገባ የፒኤችፒ ፋይል በሰርቨሩ ላይ እንደ ራስ ፕሮግራም ስለሚሠራ አደጋው ከፍተኛ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፒኤችፒ 5.2 የሩቅ ፋይል ማካተትን የሚፈቅደውን ቅንብር ለብቻው ለይቶ ዝግ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

የሚካተተው ፋይል ስም ጎብኚው ከሚጽፈው አድራሻ በቀጥታ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ የቅርብ ፋይልም ቢሆን ለአደጋ ይጋለጣል፤ አጥቂው የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል ሊያስከፍት ይችላል፡፡ መፍትሔው አስቀድሞ ከተፈቀዱ ፋይሎች ዝርዝር ውጪ ሌላ እንዳይከፈት ማድረግ ነው፡፡

በጎብኚው ብራውዘር ላይ የሚሠሩ የሩቅ ፋይሎችም ጉዳት ያስከትላሉ፡፡ የካቲት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ገጾችን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ‹‹ብራውዝአላውድ›› የተሰኘ አገልግሎት ፋይል በአጥቂዎች ተለውጦ ከ4 ሺህ በላይ ድረ ገጾች የጎብኚዎቻቸውን ኮምፒዩተር ለዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ እንዲያውሉ አድርጓል፡፡ ከእነዚህም መካከል የብሪታንያ የኢንፎርሜሽን ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤትና የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጾች ይገኙበታል፡፡ የእነዚህ ተቋማት ሰርቨሮች አልተሰበሩም፤ የተለወጠው ከውጭ የሚጠሩት አንድ ፋይል ብቻ ነበር፡፡

የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2016 ያጸደቀው ደረጃ ለዚህ መከላከያ አለው፡፡ በዚህ ደረጃ መሠረት ገጹ የሩቁን ፋይል አሻራ አስቀድሞ ይመዘግባል፤ ፋይሉ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለወጥ ብራውዘሩ አይቀበለውም፡፡ ፋይሉን ገልብጦ በራስ ሰርቨር ማስቀመጥም ሌላው አማራጭ ሲሆን፣ የማሻሻያ ክትትል ግን አይለየውም፡፡

በመሆኑም ድረ ገጽ በውል አሠርቶ የሚረከብ መሥሪያ ቤት ከውጭ የሚጠሩ ፋይሎችን ዝርዝር፣ የእያንዳንዱን ባለቤትና አስፈላጊነት በጽሑፍ መጠየቅና ከርክክብ ሰነዱ ጋር ማያያዝ ይኖርበታል፡፡